አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የኦንላይን ግብሩ ዱላ ማን ላይ እያረፈ ነው?

ወገን! ስልካችሁን አውጡ። ለሰው ብር የላካችሁበትን የመጨረሻውን የባንክ ደረሰኝ ክፈቱ። ከላካችሁት ብር ሥር የአገልግሎት ክፍያ የሚል አለ። ከሱ ሥር ደግሞ 15 በመቶ ቫት የሚል አለ። ሳንቲም ስለሆነች ማንም አያያትም። እኔም አላያትም ነበር። አካውንቲንግ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ፣ በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ ጫማ መሸጥ ስጀምር ነው ያየኋት።

ሰሞኑን በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው፣ በየታክሲው አንድ ወሬ አለ። "እነዚህ የኦንላይን ነጋዴዎች እኮ ግብር የሚባል አያውቁም" ይባላል። ወሬው እኔን ይመለከታል። እናንተንም ይመለከታል። ከመካከላችን ልብስ፣ ኮስሞቲክስ፣ የስልክ ሽፋን፣ መጽሐፍ፣ በርበሬና ሽሮ በቴሌግራምና በቲክቶክ የማይሸጥ ቢኖር እንኳ እህቱ ትሸጣለች። እሷም ባትሸጥ ትገዛለች።

ስለዚህ ዛሬ ጉዳዩን በጩኸት ሳይሆን በቁጥር እንየው። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። የኪሳችሁ ጉዳይ ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ግብር መክፈል አለብን። መንገዱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም የሚሠራው በግብር ነው። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የበላሁት እንጀራ ከገበሬውና ከወዛደሩ ግብር የመጣ ነው። ያንን የምክድ ሰው አይደለሁም። የምቃወመው ግብሩን ሳይሆን ዱላው የሚያርፍበትን ቦታ ነው። አባቶቻችን "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይላሉ። አህያው ይራገጣል፤ ስለዚህ የማይራገጠውን ጭነት ይደበድባሉ። የኦንላይን ግብሩ ነገር እንደዚያ እየሆነ ነው። ዳውላው ደግሞ እኛ ነን።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ።

ቫት አገራችን የገባው በአዋጅ 285/1994 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ዓ.ም.። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአዋጅ 1341/2016 ተተካ። መጣኔው አልተነካም፤ ያው 15 በመቶ ነው። ሁለት ለውጦች ግን ለኛ ጉዳይ ወሳኝ ናቸው። አንደኛው፣ ለቫት ተመዝገብ የሚያስብለው ዓመታዊ ሽያጭ ከ1 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። ሁለተኛው፣ ውጭ አገር ተቀምጠው በኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጡልን ድርጅቶችም ቫት ሰብስበው እንዲያስገቡ ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ሁለቱም ሲነበቡ ጥሩ ናቸው። ችግሩ መሬት ሲወርዱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ቫት የነጋዴ ግብር አይደለም። የሚከፍለው የመጨረሻው ገዢ ነው። ነጋዴው ሰብሳቢ ብቻ ነው። ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ቫት፣ ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ቀንሶ ልዩነቱን ያስገባል። ያልተመዘገበ ሰው ግን መቀነስ አይችልም። ሲገዛ የከፈለው ቫት ከኪሱ ወጥቶ ይቀራል። በሕጉ ዓይን እሱ ራሱ የመጨረሻ ገዢ ነው።

ታዲያ ያልተመዘገበው የቴሌግራም ሻጭ ቫት አይከፍልም የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እንዲያውም ከፍሎ የማይመለስለት እሱ ነው!

በጫማ እናስላው። ከውጭ የመጣ አንድ ጥንድ ጫማ ዋጋው፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ 1,000 ብር ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡን 30 በመቶ ብለን እንያዝ፤ 300 ብር። አሁን 1,300 ሆነ። በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት ስንጨምር 195 ብር። 1,495 ደረሰ። በዚህ ሁሉ ድምር ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ፤ 149 ብር ከ50። ልብ በሉ፤ ሱር ታክሱ የሚሰላው ቀረጡንና ቫቱን ጨምሮ ነው። ግብር በግብር ላይ ማለት ይኼ ነው። 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥም አለ፤ 30 ብር። ድምር 674 ብር ከ50 ሳንቲም። ከአስመጪው በቅድሚያ የሚያዘውን የትርፍ ግብር ገና አልቆጠርኩም።

እንግዲህ የ1,000 ብር ጫማ መርካቶ ሳይደርስ፣ የአስመጪውም የጅምላ ሻጩም ትርፍ ሳይጨመርበት፣ መንግሥት 674 ብር ከ50 ወስዶበታል። ብራችን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ደግሞ ያው ጫማ በብር ሲተመን ዋጋው እጥፍና ከዚያም በላይ ሆነ። ቀረጡ በመቶኛ ነውና እሱም አብሮ አደገ። ጫማው አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ግን ተለወጠ። ይቺን ነጥብ ያዟት፤ እመለስባታለሁ።

"መርካቶ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ሞልቷል፣ ኮንትሮባንዱስ?" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አለ። ግን ወንድሜ፣ ኮንቴይነር ያስገባውን ሰውዬ ትተህ፣ ከሱ ሁለት ጫማ ተውሶ ፎቶ የለጠፈውን ልጅ ትይዛለህ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ሥራችን እንምጣ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የባለሱቁን ጫማ ፎቶ እወስዳለሁ፣ ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ። 3,300 ያለኝን 3,500 እላለሁ። ገዢው ብሩን ወደ አካውንቴ ይልካል። እኔ 3,300ውን ለባለሱቁ አስተላልፌ፣ ጫማውን በፌስታል ይዤ ሜክሲኮ አደባባይ ፀሐይ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ይመጣል፤ አንዳንዱ ስልኩን ይዘጋል። የኔ ድርሻ 200 ብር ነው። ትራንስፖርቱም ካርዱም ከሷ ላይ ነው።

በአካውንቴ ያለፈው ግን 3,500 ነው።

እስቲ እናስላ። 2 ሚሊዮን ብር ለ3,500 ሲካፈል 571 ጫማ ነው። በሳምንት 11 ጫማ ማለት ነው። ጎበዝ ልጅ ይሸጠዋል። 571 ጊዜ 200 ደግሞ 114,200 ብር ነው። ለ12 ወር ስናካፍለው በወር 9,500 ብር ገደማ። ከዚህ ላይ ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔት፣ ተመላሽ ዕቃ ይቀነሳል። እንግዲህ "ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ" የሚባለው ሰው ይኼ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖር!

የሕግ ሰው ቢጠየቅ "አንተ ደላላ ነህ፤ ያንተ ሽያጭ ኮሚሽንህ ብቻ ነው" ይለኛል። ትክክል። ግን በምን ላስረዳ? ባለሱቁ ደረሰኝ አይሰጠኝም፣ ውል የለንም። ያለኝ ማስረጃ የባንክ ስቴትመንት ብቻ ነው፤ ስቴትመንቱ ደግሞ የሚያሳየው 3,500ውን ነው። ያቺን ያዟት ያልኳችሁ ነጥብም እዚህ ትመጣለች። ብር ሲረክስ የጫማው ዋጋ በብር ይጨምራል፤ እኔ አንድም ጫማ ሳልጨምር ወደ 2 ሚሊዮኑ እቀርባለሁ። ትርፌ አላደገም። ድህነቴ ግን በወረቀት ላይ ሀብት ሆነ።

ይሄ የፈጠራ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። አንዲት አብራኝ የተመረቀች ልጅ አለች። ልብስና የፀጉር ቅባት በቴሌግራም ትሸጣለች። አንድ ቀን ተጠራች። የዓመት ስቴትመንቷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው "ይኼ ሁሉ ሽያጭሽ ነው" አሏት። እሷ ደግሞ የሰፈር እቁብ ጸሐፊ ናት። በየሳምንቱ የሰው ብር በአካውንቷ ገብቶ ይወጣል። ወንድሟ ከዓረብ አገር ለእናታቸው መድኃኒት የሚልከውም በሷ በኩል ነው። እቁቡም፣ የእናት መድኃኒቱም ሽያጭ ተባለ። ጉዳዩ እስኪጣራ ወር ሙሉ ተመላለሰች። በመጨረሻ ቻናሏን ዘጋች። አሁን ቤት ተቀምጣለች። መንግሥት ከሷ ምን አገኘ? ምንም! እኛስ? አንድ ሥራ አጥ ጨመርን።

"ታዲያ ንግድ ፈቃድ አውጥታችሁ በሕግ አትሠሩም?" ለምትሉ፣ እኔ ሄጃለሁ። በጠዋት ተነሥቼ፣ ዲግሪዬን ጭምር በፎልደር ይዤ ሄድኩ። በመስኮቷ በኩል የመጀመሪያው ጥያቄ "የሱቅ ኪራይ ውል አለህ?" የሚል ነበር። "ሱቅ የለኝም፤ ሱቄ ስልኬ ነው" አልኩ። የሰውየው ፊት ላይ ያየሁት ሳቅ ይሁን ሐዘኔታ አላውቅም። "አድራሻ የሌለው ንግድ የለም" አለኝ። "የመኖሪያ ቤቴ አድራሻ ቢሆንስ?" ስለው "የአከራይህን ውል አምጣ" አለ። አከራያችንን እትዬን ለመንኳቸው። "ልጄ፣ ውል ከፈረምኩ የቤት ኪራይ ግብሩ እኔ ጋ ይመጣል፤ አንተም ትለቃለህ፣ እኔም እከስራለሁ" አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ፎልደሬን ይዤ ተመለስኩ።

አያችሁ? ግቡ ይላሉ፤ በሩ ግን ተቆልፏል። ከዚያ "ለምን ውጭ ቆማችሁ?" ብለው ይቀጣሉ። በሩን ሳይከፍቱ ውጭ በመቆም መቅጣት ምን ይባላል?

አሁን ወደ ባለሱቁ ልምጣ፤ እሱንም ሳልሰማ ማለፍ ፍርደ ገምድል መሆን ነው። ባለሱቁ እንዲህ ይላል። "እኔ ኪራይ እከፍላለሁ፣ ለካሽ ሬጅስተር ከፍያለሁ፣ ሠራተኛ ቀጥሬአለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። አንድ ልጅ ካልጋው ሳይነሳ እኔ የምሸጠውን ዕቃ ከኔ አርክሶ ይሸጣል። ይኼ ፍትሕ ነው?" አይደለም። እውነቱን ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ ቫት ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ከተሸጠ፣ ሕግ አክባሪው ይቀጣል ማለት ነው። በዚህ አልከራከርም።

ግን ባለሱቁን ወንድማችንን ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንደኛ፣ ጫማህን ማን እየሸጠልህ ነው? እኛ ነን። ሱቅህ የማይደርስበት ሰፈር ያደረስንልህ እኛ ነን። ሁለተኛ፣ አርክሶ የሚሸጥብህ በእውነት እኔ ነኝ? እኔ ካንተ ላይ 200 ብር ጨምሬ ነው የምሸጠው። በእውነት አርክሶ የሚሸጥብህ መጋዘን ሙሉ ዕቃ ያለው፣ አስር ቻናል በአስር ስም የከፈተ፣ ሱቅም ደረሰኝም የሌለው ትልቁ ሰውዬ ነው። እሱን ታውቀዋለህ። እኛም እናውቀዋለን። የሚገርመው እነሱም ያውቁታል። ግን ይራገጣል። ይፈራል።

ከሱ የሚበልጥ ሌላ አህያ ደግሞ አለ። እሱ አገር ውስጥ እንኳ የለም።

ጫማ ለመሸጥ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ማስከፈት አለብኝ። ክፍያው በዶላር ነው። እኔ ዶላር የለኝም፤ ካርድ ያለው ሰው ላይ የራሱን ጨምሮ ያስከፍለኛል። ብሩ ከኔ ወጥቶ ባሕር ይሻገራል። የኢትዮጵያን ወጣት ዓይን ሸጦ የሚያተርፈው ድርጅት እዚህ ቢሮ የለውም። በቆየው ዓለም አቀፍ አሠራር ደግሞ አገር ውስጥ ቋሚ የሥራ ቦታ የሌለው ድርጅት ላይ የትርፍ ግብር መጣል አስቸጋሪ ነው።

"አዲሱ አዋጅ እኮ የውጮቹንም ቫት አስከፈለ" ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው እንዳትታለሉ የምላችሁ። ቫት ማን ነው የሚከፍለው ብለን ነበር? የመጨረሻው ገዢ! የውጭው ድርጅት 15 በመቶውን ዋጋዬ ላይ ጨምሮ ከኔ ይቀበልና ያስገባል። ከትርፉ አንዲት ሳንቲም አትነካም። የተመዘገበ ትልቅ ኩባንያ ያንን ቫት መልሶ ይቀንሰዋል። እኔ ያልተመዘገብኩት አልቀንሰውም። ስለዚህ ዜናው "ግዙፎቹ ላይ ግብር ተጣለ" ይላል፤ ቢሉ ግን የመጣው ለኔ ነው። ሕጉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ የአገር ውስጡ አገልግሎት ቫት እየከፈለ የውጭው በነጻ መሸጥ አልነበረበትም። ግን ይኼን ግዙፎቹን እንደመቅጣት ቆጥረን አናጨብጭብ።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ሦስት ቦታ እንይ።

አሜሪካ ውስጥ ሳውዝ ዳኮታ የምትባል ከ1 ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ያላት ግዛት አለች። በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አትጥልም፤ የሽያጭ ግብር ናት መኖሪያዋ። ሕዝቧ በኢንተርኔት መግዛት ሲጀምር ገቢዋ ሸሸ፤ ምክንያቱም በ1992 በወጣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት አንድ ሻጭ ግዛቷ ውስጥ መሥሪያ ቦታ ከሌለው ግብር ሰብስብ ልትለው አትችልም ነበር። ዌይፌር የተባለውን ትልቅ የቤት ዕቃ ሻጭና ሌሎችን ከሰሰች። በፈረንጆቹ ሰኔ 2018 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደላት። ግን ልብ በሉ፤ የሷ ሕግ ማንን ነካ? በግዛቷ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሸጠውን ወይም 200 ግብይት የፈጸመውን ብቻ። 200 ግብይት የሚለው ደግሞ ትንንሾቹን ያጠምዳል ሲባል በ2023 ራሷ ሰረዘችው። ሌሎች ግዛቶችም ሻጩን ሁሉ ከማሳደድ ይልቅ ትልቁን የገበያ መድረክ "በላይህ ለሚሸጡት ሁሉ ሰብስበህ አስገባ" አሉት። እነ አማዞን ሰበሰቡ። አንድ አህያ ያዙ፤ ሺህ ዳውላ ዳነ።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ከ22 ዩሮ በታች የሆነ ዕቃን ከቫት ነጻ ያደርግ ነበር። የውጭ ሻጮች በዚህ ቀዳዳ እየገቡ የአገሬውን ባለሱቅ አከሰሩት። በሐምሌ 2021 ቀዳዳው ተዘጋ። እዚያም ኃላፊነቱ በአብዛኛው የወደቀው በትልልቆቹ መድረኮች ላይ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያስ? በጥር 2021 በዲጂታል ገበያ ገቢ ላይ 1.5 በመቶ ግብር ጀመረች። መጀመሪያ አገሬውንም የውጭውንም ይነካ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ የራሷን ዜጎች አወጣችና የውጮቹ ላይ ብቻ አደረገችው። ቆይታ ደግሞ በሌላ ግብር ተካችው፤ ያም ያነጣጠረው የውጮቹ ላይ ነው። ኬንያ ችግር የለባትም እያልኩ አይደለም። ግን መጀመሪያ ማን ላይ ዱላ እንደሚነሣ አስባለች።

ሦስቱም አገሮች ግብሩን አልተዉትም። ሦስቱም ግን ከትልቁ ጀመሩ። እኛስ ከማን ጀመርን? ሜክሲኮ አደባባይ ፌስታል ይዞ ከቆመው ልጅ!

የራሳችን መንግሥትም ይህን ነገር አያውቅም አልልም። በ2017 ዓ.ም. ክረምት የገቢ ግብር ሕጉ ሲሻሻል፣ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በ600 ብር ማንም እንደማይኖር ታመነ ማለት ነው። ዘገየ፣ አነሰ፤ ግን ታመነ። ለደመወዝተኛው የታሰበችው ሐሳብ ደመወዝ ላጣነው ለኛ ለምን አትታሰብም?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ቁጭ ብሎ ማልቀስ የለም።

አንደኛ፦ ሱቅ የሌለው ንግድ ያለ ሱቅ ኪራይ ውል ይመዝገብ። ፋይዳ መታወቂያ አለን፤ አሻራችንን ሰጥተናል። ስልክ ቁጥራችን በስማችን ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ። ማን እንደሆንን ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ሁለተኛ፦ ደረሰኝ በስልክ እንቁረጥ። ለ200 ብር ትርፍ የደረሰኝ ማሽን ግዙ ማለት በሬ ሳይኖረን ሞፈር ግዙ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ በኮሚሽን የሚሠራ ሰው ሽያጩ ኮሚሽኑ ብቻ ተደርጎ ይቆጠር፤ ባለዕቃው ደግሞ ለደላላው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት። ያኔ እኔም እድናለሁ፣ መንግሥትም መጋዘን ያለውን ሰውዬ በኔ ደረሰኝ በኩል ያገኘዋል።

አራተኛ፦ በአካውንት የገባ ሁሉ ሽያጭ ነው የሚባለው ነገር ይቁም። እቁብ እቁብ ነው። ከስደት የተላከ የእናት መድኃኒት ሽያጭ አይደለም።

አምስተኛ፦ ከላይ ይጀመር። ከአስመጪው፣ ከባለመጋዘኑ፣ ከመድረኮቹ። እኛ ተራችንን ጠብቀን እንከፍላለን።

አሁን ደግሞ እርስ በርሳችን እንነጋገር፤ እዚህ ገጽ ላይ ሌላውን ብቻ ወቅሰን አንለያይም። እኛም ንጹሕ አይደለንም። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚሉት ነገር ምንድን ነው? የገዢውን ፕሮፋይል ፎቶ አይቶ ዋጋ መጥራት ንግድ ነው? ፎቶው ሌላ፣ የሚመጣው ዕቃ ሌላ! ብር ተቀብሎ ብሎክ ማድረግ! ገዢው ደረሰኝ ሲጠይቅ "በደረሰኝ ከሆነ ይጨምራል" ማለት! በዚህ ምክንያት ነው ሕዝቡ "እነሱ ላይ ግብር ይጣል፣ እሰይ!" የሚለው። ጉዳታችን የማያሳዝነው ጎድተነው ስለሆነ ነው። እኔም "ዋጋ በኢንቦክስ" ብዬ አውቃለሁ። ተውኩት። ዋጋዬን ከጫማው ፎቶ ሥር እጽፋለሁ። ጥቂት ገዢ አጣሁ፤ የሚመለስ ገዢ ግን አገኘሁ።

እናንተም የምትሸጡ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዙ። የገባውን፣ የወጣውን፣ ኮሚሽናችሁን በቀን በቀኑ ጻፉ። ለእቁብና ለቤተሰብ ብር ሌላ አካውንት ክፈቱ። ነገ ተጠርታችሁ ጠረጴዛው ላይ ስቴትመንት ሲዘረጋ፣ እናንተም ደብተራችሁን ዘርጉ። የምትገዙም ደረሰኝ ጠይቁ፤ ከልጁ ብቻ ሳይሆን ከባለሱቁና ከአስመጪው ጭምር። ደረሰኝ ያልተቆረጠበት ቫት ከናንተ ኪስ ወጥቶ መንግሥት ጋ ያልደረሰ ብር ነው። መሀል ላይ ማን እንደበላው እናንተም ታውቃላችሁ።

ለሚመለከታቸው ደግሞ አንድ ቃል። እኛ ሥራ ስጡን ብለን ሰልችቶን ሥራ የፈጠርን ነን። መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ ሥራ አጥ ነኝ፤ ግን በ200 ብር ኮሚሽን ራሴን አበላለሁ፣ ለታናሽ እህቴ ደብተር እገዛለሁ። ጥጃ ሲያድግ ይታለባል፤ ሳይጠባ የታለበ ግን አያድግም። ካሳደጋችሁን ነገ ለቫት የሚመዘገብ፣ ሰው የሚቀጥር፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ ታገኛላችሁ። ከገደላችሁን የምታገኙት ባዶ ቻናልና የተዘጋ ስልክ ነው።

ግብር እንከፍላለን። በሩን ክፈቱልን፣ ዱላውንም ከዳውላው ላይ አንሡ። አህያው ያውላችሁ፤ ቆሟል።

ይህን ጽሑፍ በኦንላይን ለሚሸጥ አንድ ሰው፣ ሱቅ ላለው አንድ ሰው፣ ግብር ቢሮ ለሚሠራ አንድ ሰው አድርሱ። ሦስቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል።